ቀልቡ ባንጆው ላይ ነው

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። ወሩ ፌብሩዋሪ ነው፤ እዚህ አሜሪካ የጥቁሮች ታሪክ ወር ይሉታል። ወረቀቱ ላይ አራት የድሮ ሥዕሎች ተደርድረዋል። በአንዱ አንድ ሕፃን ከእናቱ እቅፍ ይነጠላል። በሌላው ልጆች ለጨረታ ቆመዋል። በሦስተኛው ጥጥ ይለቅማሉ። አራተኛውን አላስታውሰውም፤ ብቻ እዚያም ለቅሶ ነበር።

ወረቀቱን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ትንሽ አየውና፣ «ማሚ፣ ድሮ ጥቁር ልጆች ሌላ ነገር አያደርጉም ነበር?» አለኝ።

«ያደርጉ ነበር እንጂ!» አልኩት።

«ምን?»

«ይጫወታሉ። ይማራሉ። ይሳሳቃሉ።»

«እስኪ አሳዪኝ።»

የማሳየው ነገር አልነበረኝም። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። እጄን ታጠብኩና ስልኬን አንስቼ ፈለግኩ። መጀመሪያ የመጡልኝ ሥዕሎች ወረቀቱ ላይ ካሉት የባሱ ነበሩ። ከንፈራቸው ከፊታቸው የሚበልጥ፣ ዓይናቸው የፈጠጠ፣ ጥርሳቸው ብቻ የሚታይ ልጆች። የሳሙና ማስታወቂያ፣ የፖስታ ካርድ፣ የግድግዳ ሥዕል። ከሪየር ኤንድ አይቭስ የሚባል የኒው ዮርክ ማተሚያ ቤት በፈረንጆቹ 1880ዎቹ «ዳርክታውን» በሚል ስም በጥቁሮች የሚያላግጡ ሥዕሎችን በተከታታይ እያተመ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ሰው ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅለዋል። ስልኩን ዘጋሁት። «ቆይ፣ ፈልጌ አሳይሃለሁ» አልኩት። ፍለጋው እንደዚያ ጀመረ።

ጥያቄው ለምን እንደከነከነኝ ልንገራችሁ። እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ገና ሕፃን ነበርኩ፤ ራሴ የማስታውሰው የለም። አሜሪካ መጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬን ስጀምር ግን አንዲት ደግ ሴት ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ኢትዮጵያ ስላት ፊቷ ተለወጠ። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ያዘነችው ለእኔ አልነበረም። ድሮ ቴሌቪዥን ላይ ላየችው ልጅ ነው። የዚያን ልጅ ስም አታውቅም። ዝንቦቹን ግን አልረሳችም።

ረሃቡ እውነት ነበር። ሕዝብ አልቋል። ካሜራ ይዘው የሄዱትም ሰዎች ዓለም እንዲደነግጥ ብለው ነው፤ ዓለምም ደንግጦ እህል ልኳል። ይህን አልክድም። ግን እኔ የማውቃቸው ልጆች ብይ ይጫወቱ ነበር። ሱዚ ይዘሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወቱ፣ ለቆርኪ ይጣሉ ነበር። እነሱን ማንም አላያቸውም። ያቺ ደግ ሴት በልቧ የያዘችው ልጅ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሌላ ሥራ የለውም፤ እየተራበ ወደ እሷ ያያል። እና ልጄ ያንን ሲጠይቀኝ፣ ከባሕር ማዶ ይዤው የመጣሁት የራሴ ጥያቄ ሆኖ ነው የተሰማኝ።

ማታ ማታ ልጁ ሲተኛ የአሜሪካን የድሮ ሠዓሊዎች መፈለግ ጀመርኩ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የሥዕል ትምህርት የለኝም፤ የማየው እንደ እናት ነው። ብዙ ካየሁ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። ልጁ በደንብ ለብሷል ወይስ ተቀዳድዶበታል፣ ይስቃል ወይስ አዝኗል፣ ይሄ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ለውጥ የሚያመጣው ቀልቡ ያለበት ቦታ ነው። የሚያላግጡት ሥዕሎች ላይ ያለው ልጅ የሚስቀው ለተመልካች ነው። የሚያሳዝኑት ላይ ያለው ደግሞ የሚያለቅሰው ለተመልካች ነው። ሁለቱም ለእኛ ይሠራሉ። ክብር ያለው ልጅ ግን የራሱ ጉዳይ አለው። እኛ ብንኖርም ባንኖርም ጉዳዩን ይቀጥላል።

መጀመሪያ ሄደን ያየነው ቤሊዜርን ነው። ክረምት ላይ ዘመድ ጥየቃ ኒው ዮርክ ሄደን ነበርና ልጄን ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ወሰድኩት።

ሥዕሉ የተሳለው በ1837 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ነው። የሳለው ዣክ አማን የሚባል ፈረንሳዊ እንደሆነ ይታመናል። ፊት ለፊት ፍሬይ የተባለ ሀብታም ነጋዴ ሦስት ልጆች አሉ፤ ሁለት ሴትና አንድ ወንድ። ከኋላቸው ደግሞ ጥሩ ኮት የለበሰ ጥቁር ጎረምሳ ዛፍ ተደግፎ ቆሟል። እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሯል። ይህ ቤሊዜር ነው። ዕድሜው 15። የቤቱ ባሪያ ነበር። ፍሬይ የገዛው ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከእናቱ ከሳሊ ጋር ነው።

እጆቹን ብዙ ጊዜ አየኋቸው። በዚያ ዘመንና ከዚያ በፊት በተሳሉ የሀብታም ቤተሰብ ሥዕሎች ውስጥ ጥቁር ልጅ ካለ አብዛኛውን ጊዜ እጁ ላይ አንድ ነገር አለ። ትሪ፣ ፍራፍሬ፣ የእመቤቲቱ ልብስ ጫፍ፣ የፈረስ ልጓም። እጁ የጌቶቹ ነው ማለት ነው። የቤሊዜር እጆች ምንም አልያዙም። አጣምሯቸዋል። ሠዓሊው ፊቱንም እንደ ሌሎቹ ልጆች ፊት ተጠንቅቆ፣ ጊዜ ወስዶ ነው የሳለው። ምን እያሰበ እንደሆነ አይነግረንም። ሐሳብ እንዳለው ግን ያስታውቃል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ይገርማል። ወደ 1900 አካባቢ ቤሊዜርን ከሥዕሉ አጠፉት። በላዩ ላይ ሰማይና ቅጠል ቀቡበት። ሦስቱ ልጆች ብቻቸውን ቀሩ። ቀለሙ ግን ሙሉ በሙሉ አልሸሸገውም፤ ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ከልጆቹ ኋላ የሰው ቅርጽ የሚመስል ጥላ ነበር። በ1972 ከቤተሰቡ የተወለደች ሴት ሥዕሉን ለኒው ኦርሊንስ ሙዚየም ሰጠች። ሙዚየሙ ለሕዝብ ሳያሳየው ከ30 ዓመት በላይ መጋዘን ውስጥ አስቀመጠውና በ2005 በጨረታ ሸጠው። ከዚያ በኋላ ነው የጥገና ባለሙያ በላዩ የተቀባውን ቀለም ቀስ እያለ ያነሳው። ልጁ እንደቆመ ተገኘ። እጁን እንዳጣመረ።

ስሙን የመለሱለት ጀረሚ ሲሚየን የሚባል የሉዊዚያና ሰውና ኬቲ ሞርላስ ሻነን የምትባል የታሪክ ተመራማሪ ናቸው። ሲሚየን ሥዕሉን ገዛ፤ ተመራማሪዋ የድሮ የሽያጭ ውሎችና መዝገቦች ውስጥ ገብታ ስሙን፣ የእናቱን ስምና ዕድሜውን አገኘች። በ1856 የፍሬይ ሚስት ኤቨርግሪን ለሚባል የሸንኮራ አገዳ እርሻ እንደሸጠችውም አገኘች። እስከ 1861 ድረስ ስሙ በእርሻው መዝገብ ላይ አለ። ሥዕሉ ላይ ካሉት ከአራቱ ልጆች አድጎ ለትልቅ ሰውነት የበቃው እሱ ብቻ ነው። ሜትሮፖሊታን ሥዕሉን የገዛው በ2023 ነው።

ይህን ሁሉ ለልጄ አሳጥሬ ነገርኩት። ልጄ አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራል፣ ግን አንዳንዴ ቃላት ይደባለቁበታል። ሥዕሉን እያየ «ምን አጥፍቶ ነው ያጠፉት?» አለኝ። ለቃላት ጨዋታ ብሎ አልነበረም። በቃ እንደዚያ ነው የመጣለት። መልስ አልሰጠሁትም። አጠገባችን የቆሙ ሰዎች ምን እንዳለ አልገባቸውም፤ እኔ ግን ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ቤሊዜርን ስወደው፣ ያለበት ሁኔታ ግን ልቤን ይሰብረዋል። ሐሳቡ የራሱ ነው፤ ገላው ግን በውል የተገዛ ነው። ነፃ የሆነ ልጅ ማየት ፈለግኩ።

እዚያው ሙዚየም ያለ አንድ ዝነኛ ሥዕል ላይ ላፍታ ልቁም፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እንደ ክብር ምሳሌ ይጠቅሰዋል። ቶማስ ሆቨንደን ከ1882 እስከ 1884 የሳለው የጆን ብራውን የመጨረሻ ሰዓት ነው። ጆን ብራውን ባርነትን በመሣሪያ ሊጥል ተነስቶ የተሰቀለ ነጭ አሜሪካዊ ነው። ሥዕሉ ላይ ወደ መሰቀያው ሲሄድ ጎንበስ ብሎ አንድ ጥቁር ሕፃን ይስማል። ሆቨንደን ጥሩ ሠዓሊ ነው፤ ልቡም ቀና ነበር። ነገር ግን መሳሙ አፈ ታሪክ ነው፣ አልሆነም። ሕፃኑ እዚያ የተገኘው ሰውየው ደግ መሆኑን እንዲያሳይ ነው። ይሄም ሥራ ነው። እኔ አልቆጥረውም።

ዊንስሎ ሆመር ግን ይቆጠራል። ሆመር የቦስተን ልጅ ነው፣ ነጭ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ለጋዜጣ ሥዕል እየሳለ ከሠራዊቱ ጋር ቨርጂኒያ ነበር። ጦርነቱ ካለቀ ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ ፒተርስበርግ ወደሚባለው ከተማ ሄደና ነፃ የወጡትን ሰዎች ኑሮ ሳለ።

ከሆመር ሥራዎች አብልጬ የምወደው ትንሽ የውሃ ቀለም ሥዕል ነው፤ በ1875 የተሠራ፣ አሁን ጆርጂያ ግዛት አቴንስ ከተማ ባለው ሙዚየም የሚገኝ። አንድ ጥቁር ልጅ ተቀምጧል። ልብሱ የተጣጣፈ ነው። ትከሻው ላይ ቢራቢሮ አርፋለች። አጠገቡ በእጅ የሚያዝ የመጻፊያ ሰሌዳ አለ። እጁ ላይ የሱፍ አበባ ይዟል። የሥዕሉ ርዕስ አበባው ለማን እንደሆነ ይናገራል፦ ለመምህሩ ነው። ለእኛ አይደለም። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት እየሄደ ነው፣ እኛ መንገድ ላይ አገኘነው፣ አሁን ይነሳና ይሄዳል።

ይህ ልጅ ምን ዓይነት ጊዜ ላይ እንደነበር ማሰብ ያስፈልጋል። ቨርጂኒያ ከ1831 ጀምሮ ጥቁሮችን ሰብስቦ ማንበብ ማስተማር በሕግ ከልክላ ነበር። የዚህ ልጅ እናትና አባት ፊደል ቢነኩ ሊገረፉ ይችሉ ነበር ማለት ነው። እሱ ግን ሰሌዳ ይዟል። በቤተሰቡ የመጀመሪያው አንባቢ ሊሆን ነው። ሆመር ይህን ያወቀበት ይመስለኛል። በ1877 በሳለው ሌላ ሥዕል፣ በቨርጂኒያ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ምድጃ አጠገብ ልጆች አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ተደፍተዋል፣ አንዲት ወጣት ታስነብባቸዋለች። ከጎናቸው አሮጊት ተቀምጣለች። አሮጊቷ መጽሐፉን አታይም። ለእሷ ጊዜው አልፏል። ልጆቹ ደግሞ እሷንም እኛንም ረስተዋል፤ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው መስመር ይከተላሉ።

በዚያው ዓመት የሳለው የበዓል ዝግጅትም አለ፤ ሴቶች አንድን ሰው በቀለማት ያሸበረቀ ልብስ እየሰፉ ሲያለብሱት ልጆች ዙሪያውን ቆመው አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ትንንሽ የአሜሪካ ባንዲራዎች ይዘዋል። በ1877 የፌዴራሉ መንግሥት ወታደሮቹን ከደቡብ አስወጣ፤ ለጥቁሮች የተሰጠው ተስፋም ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ተነጠቀ። እነዚያ ልጆች ባንዲራውን ይዘው ሲያድጉ ምን እንደገጠማቸው ሳስብ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ ማየት ያቅተኛል።

ሆመርን ሁልጊዜ አልቀበለውም። በ1876 ሦስት ልጆች፣ ሁለት ጥቁርና አንድ ነጭ፣ ሜዳ ላይ ሀባብ ሲበሉ ስሏል። እኩል ተቀምጠዋል፣ አብረው ይበላሉ፣ ጥሩ ነው። ግን ጥቁርና ሀባብ በዚህ አገር የስድብ ጨዋታ ሆኖ ስለቀረ ያንን ሥዕል ለልጄ አላሳየሁትም። ምናልባት ሲያድግ። የፊላዴልፊያው ቶማስ ኤኪንስም በ1878 አንድ ልጅ ባንጆ የሚባል የክር ሙዚቃ መሣሪያ ሲመታ፣ ሌላ ትንሽ ልጅ ጭፈራ ሲለማመድ፣ አንድ ሽማግሌ እግሩን ሲከታተልለት በውሃ ቀለም ስሏል። ከግድግዳው ላይ ፕሬዚዳንት ሊንከን ከልጁ ጋር ሆኖ የሚታይበት ምስል ተሰቅሏል። ጥሩ ሥራ ነው። የኤኪንስን ስም ያነሳሁት ግን በዋናነት ለተማሪው ስል ነው።

ተማሪው ሄንሪ ኦሳዋ ታነር ነው። ጥቁር ነው። በ1859 ፒትስበርግ ተወለደ። እናቱ ሳራ በባርነት ተወልዳ ያመለጠች ናት። አባቱ የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ፣ በኋላም ጳጳስ ነበር። ኦሳዋ የሚለው ስም የወጣለት ኦሳዋቶሚ ከምትባል የካንሳስ ከተማ ነው፤ ጆን ብራውን ከባርነት ደጋፊዎች ጋር የተዋጋባት ናት። ስሙ ራሱ ታሪክ ተሸክሟል።

ታነር ሠዓሊ ለመሆን የወሰነው በ13 ዓመቱ ገደማ ነው። ፊላዴልፊያ ፌርማውንት ፓርክ ውስጥ ከአባቱ ጋር ሲሄዱ አንድ ሠዓሊ ውጭ ቆሞ ሲሠራ አየ። ቆሞ ቀረ። ጥቂት ሳንቲም ይዞ ቀለምና ብሩሽ ሊገዛ ወጣ። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ የሚታየኝ የልጁ አንገት ነው፤ ወደ ፊት ተስቦ የሰውየውን እጅ ሲከታተል። ያንን አንገት ከሃያ ዓመት በኋላ ራሱ ስሎታል።

መንገዱ ቀላል አልነበረም። በፔንስልቬኒያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሲማር ከተማሪዎቹ መካከል ነጮች አንድ ማታ ከሥዕል ማቆሚያው ጋር አስረው መንገድ መሀል ጥለውት ሄደዋል። ይህን የጻፈው ከእነሱ አንዱ ነው። ታነር አትላንታ ሄዶ ፎቶ ቤት ከፈተ፣ ከሰረ። በሰሜን ካሮላይና ተራሮች አንድ ክረምት ከርሞ የድሆችን ኑሮ አየ። በ1891 ወደ ፓሪስ ሄደ። እዚያ ታይፎይድ ያዘውና በ1893 ለማገገም ወደ ፊላዴልፊያ ተመለሰ። ሽማግሌ ለልጅ ባንጆ ሲያስተምር የሚያሳየውን፣ «የባንጆው ትምህርት» የሚባለውን ሥዕል የሳለው በዚያ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ቺካጎ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ስለ ጥቁሮችና ሥነ ጥበብ ንግግር አድርጓል።

ለምን ባንጆ መረጠ? ባንጆ መነሻው የምዕራብ አፍሪካ የክር መሣሪያዎች ናቸው። በባርነት የመጡ ሰዎች ናቸው እዚህ ዳግመኛ የሠሩት። ነጮች ግን ፊታቸውን ጥቀርሻ ተቀብተው ጥቁር መስለው የሚያላግጡበት የመድረክ ትርኢት ነበራቸው፣ ሚንስትሬል ይባላል። የዚያ ትርኢት ዋና መሣሪያ ባንጆ ሆነ። በ1893 አንድ አሜሪካዊ ጥቁርና ባንጆ አንድ ላይ ሲያይ ወዲያው ሳቅ ነው የሚጠብቀው። ታነር ያንኑ መሣሪያ አነሳና ከሳቁ ቀማው። በኋላ ስለ ሐሳቡ ሲጽፍ፣ የጥቁሮችን ኑሮ ከሳሉት ብዙዎቹ አስቂኝ ጎኑን ብቻ እንዳዩ፣ በሻካራው መልክ ውስጥ ላለው ትልቅና ሞቅ ያለ ልብ ግን ፍቅር እንዳልነበራቸው ተናግሯል።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሳለ። ሽማግሌና ልጅ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ከመብላታቸው በፊት ይጸልያሉ። ገበታው ላይ ያለው ትንሽ ነው። ሽማግሌው እጆቹን አቆላልፎ ፊቱን ደፍቷል፣ ልጁ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ጭንቅላቱን ይዟል። ጸሎት የሚረዝምበት ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚቀመጠው፤ እቤታችን በየቀኑ አየዋለሁ። ይህ ሥዕል ለዓመታት ጠፍቶ በ1970 ፊላዴልፊያ ውስጥ አንድ የመስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኘ። ሸራው በጀርባውም ሳይጨረስ የቀረ ሌላ ሥዕል አለው።

ከዚያ በኋላ ታነር ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ዞረ። ፈረንሳይ ኖረ፣ በ1937 እዚያው ሞተ። በ1897 የፈረንሳይ መንግሥት አልዓዛር ሲነሳ የሚያሳየውን ሥዕሉን ገዝቶታል። ስለ ጥቁር ልጆች እንደነዚህ ሁለቱ ያለ ሌላ አልሠራም። ይቆጨኛል፣ አልዋሽም። ግን አስረው መንገድ ላይ የጣሉትን ሰው ለምን ተመልሰህ አልሳልክልን ማለት አልችልም።

የባንጆው ሥዕል ያለው ቨርጂኒያ፣ ሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ነው። በ1894 ሮበርት ኦግደን የሚባል ሰው ለትምህርት ቤቱ ሰጠው። ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ያስነዳል። አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ስለነበር አንድ ቅዳሜ ሦስታችን ሄድን። አባቴ አናጢ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለልጅ እግር ሙያ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። «ሥዕል ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ?» አሉኝ መኪና ውስጥ። ልጄ ሳቀ።

መጀመሪያ ዛፉን አየን። ግቢው ውስጥ ትልቅ የኦክ ዛፍ አለ፤ ቅርንጫፎቹ ወደ ጎን ተዘርግተው መሬት ሊነኩ ምንም አይቀራቸውም። በ1861 ጦርነቱ ሲጀመር ከእርሻ ያመለጡ ሰዎች በአቅራቢያው ወዳለው ፎርት ሞንሮ ምሽግ ሸሹ። ሜሪ ፒክ የምትባል ጥቁር መምህርት ልጆቻቸውን በዚህ ዛፍ ሥር ሰብስባ ፊደል አስቆጠረች። ማስተማሩ በሕግ የተከለከለበት ግዛት ውስጥ ነው። ሳንባ ነቀርሳ ነበረባት፤ በ1862 መጀመሪያ ላይ ሞተች። ከአንድ ዓመት በኋላ የሊንከን የነፃነት አዋጅ በዚሁ ዛፍ ሥር ተነበበ። አባቴ ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ጥሩ እንጨት ነው» አሉ። ከእሳቸው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ከዚያ ሥዕሉ ዘንድ ገባን። ቁመቱ 1 ሜትር ከ24 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 90 ነው። ስልክ ላይ ካየሁት ሌላ ነገር ነው።

ሽማግሌው ተቀምጧል። ጺሙ ሸብቷል። ልጁ በሁለቱ ጉልበቶቹ መካከል ቆሟል፣ ጭኑን ተደግፎ። ባንጆው ለልጁ በጣም ትልቅ ነው። በአንድ እጁ ክሩን ይመታል፣ በሌላው ጣቶቹን አንገቱ ላይ ያስቀምጣል። ሁለቱም ወደ ባንጆው ጎንበስ ብለዋል። ብርሃኑ ሁለት ነው፦ ከአንድ በኩል የቀን ብርሃን፣ ቀዝቃዛና ነጣ ያለ፤ ከሌላው በኩል የእሳት ብርሃን፣ ሞቅ ያለ። መስኮቱም ምድጃውም አይታዩም፣ ብርሃናቸው ብቻ ነው የገባው። ሁለቱ የሚገናኙት ልጁና ሽማግሌው ላይ ነው። ወለሉ ጣውላ ነው፣ የወጥ ቤት ዕቃ መሬት ላይ አለ፤ ከኋላ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ። ድህነቱ አልተደበቀም፣ ለልመናም አልወጣም። እኛን የሚያይ ግን ማንም የለም። የልጁ ቀልብ ባንጆው ላይ ነው። የሽማግሌው ቀልብ ልጁ ላይ ነው።

አባቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ረጅም ጊዜ ቆሙ። እኔ ስለ ታነር፣ ስለ ሚንስትሬል፣ ያነበብኩትን ሁሉ ልነግራቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

«ይሄ ሰውዬ ማስተማር ያውቅበታል» አሉ።

«እንዴት አባባ?»

«እጁን እዪው። የልጁን ጣት ነክቷል? አልነካም። እንጨቱን ብቻ ነው የያዘለት። ከብዶት እንዳይተወው።» ትንሽ ዝም አሉና፣ «መጋዝ ስታስይዢ እጁን ከያዝሽበት ቁርጡ ያንቺ ነው የሚሆነው። የእሱ አይሆንም። ክብደቱን ታግዢዋለሽ፣ ስህተቱን ትተዪለታለሽ» አሉኝ።

እንደገና አየሁ። እውነታቸውን ነው። ሽማግሌው የባንጆውን አንገት ከጫፉ ደግፎ ይዟል። ያንን እጅ ስልክ ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ግን አላየሁትም ነበር።

ልጄ ወደ ሥዕሉ ቀረበ። ጠባቂዋ ትንሽ ራቅ እንዲል ምልክት ሰጠችው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መለሰ። አንገቱ ግን ወደ ፊት ተስቦ ቀረ።

«አባባ፣ ምን ዘፈን ነው የሚጫወተው?»

«ገና ነው» አሉት አባቴ። «እየሞከረ ነው።»

«እሺ፣ እንጠብቀው» አለና ወለሉ ላይ ተቀመጠ።